የላይኛው መደርደሪያ

ቤቴ ሳሙና በር፤ ስሙ ያላግጣል፣
ውሃ በዘጠኝ ቀን፣ ያውም ሌት፣ ይመጣል።
በጀሪካን ይዤ፣ በጣሳ ቆጥሬ፣
አጥባለሁ ሸሚዜን ከብብቱ ጀምሬ።
ሌላው ከአንገትጌው ይጀምር ይሆናል፤
የኔ ጉድ ክንዴ ሥር፣ ሳይነጋ ይባንናል።

የምውለው ፍርድ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ጓዳ፣
መስኮቱ ከማይከፈት፣ አቧራው ከማይጸዳ፤
የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲጠብስ፣
ያልተዘጋው ዶሴ ከታች፣ እስከ ወገብ ድረስ፣
የተዘጋው ግን ላይ ነው፣ ጣራው ሊደርስ ሊደርስ።
ሰማያዊ ሸሚዝ መሥሪያ ቤት ሰፋልን፤
ላብ የሚያስነብብ ቀለም ማን መረጠልን?
ጠብታ ሲነካው እየሰፋ ይውላል፣
ሦስት ሰዓት ላይ ሳንቲም፣ በስድስት ሰዓት ጣናን ያህላል።

አክስቴ ትብለጥ ሽብ ደቁሳ ላከችልኝ፤
ሎሚ ያለችውን፣ በተላጨሁ ማግስት ቀብቼው፣ እሳት ለቀቀብኝ።
የሱቁ ሽቶማ፣ ቀን በቀን ቢነፋ፣
ሽታውን ሰረዘው፣ ላቡ ግን መች ጠፋ።
ሶፍት አጥፌ ሸጎጥኩ፤ ከባለጉዳይ ፊት ተጠቅልሎ ወደቀ፤
ሰውየው በጨዋ ደንብ አንሥቶ ሲያቀብለኝ፣ ልቤ ተሳቀቀ።
«በፊትህ ወዝ ብላ» ተብሎ ተጽፏል፤
የብብቱን ነገር ማን ሰው ይጽፈዋል?

ክንዴን ከጎኔ ጋር ሰፍቼ ከረምኩኝ፣
ባጃጅም ስጠራ በአገጬ ጠቆምኩኝ።
«እንዴት ያለች ኩሩ!» ሰርግ ቤት አሙኝ፣
እጄን ሳላነሣ ጥግ ይዤ ቢያዩኝ።
ወንዳለ ያወርዳል የላይኛውን ዶሴ፤
እሱ የሌለ ዕለት «ነገ ይመለሱ» ይላል ምላሴ።

አንድ ማክሰኞ፣ አያ ደምለው ከደንቢያ መጡና፣
የወንድማቸውን የውርስ መዝገብ ጠየቁኝ በትሕትና።
«ነገ» አልኳቸው። ዶሴው ካናቴ በላይ ነው፣ ይታየኛል ቁጥሩ፤
«እሺ ልጄ» ብለው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወደ በሩ ዞሩ።

ረቡዕም መጡ። የሸሚዛቸው ጀርባ ጨው አብቅሏል፤
የትናንቱ ላብ ደርቆ ነጥቷል፣ የዛሬው በላዩ ርሷል።
አዘዞ በእግራቸው ወርደው፣ አድረው፣ በእግራቸው መጥተው፣
እንደ ትናንቱ ቆሙ፣ ባርኔጣ አውልቀው፣ እጅ ነሥተው።
ወንዳለ የለም። ወንበር ጎትቼ ወጣሁ፤
በብብቴ የያዝኳቸውን መዛግብት ረስቼ፣ ክንዴን አነሣሁ።
«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»፣ ይኸው ተረቱ፣
ከነወረቀታቸው፣ ከነማኅተማቸው፣ አራት ዶሴ ከመሬቱ።
እኔ ከወንበር ላይ፣ ጣና በግራ፣ ጣና በቀኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ፤
ከዶሴው ይልቅ ከብብቴ የወደቀው ምስጢሬ ነው፤ እሱም ታየ።
አያ ደምለው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ለቀሙ፤
«አዬ ልጄ፣ አንቺም ታርሻለሽ ለካ» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሲቆሙ።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሳትሽኮረመም፣
«ላብሽ በዝቷል እንጂ አላደፍሽም» አለችኝ፤ «ይሄ ኃጢአት አይደለም።
ማታ፣ በደረቅ ገላ፣ ይህን ቅባት ቀቢ፤
ጠዋት ደግሞ፣ ከመልበስሽ በፊት፣ በውሃ ታጠቢ።»
(በተላጨሁ ማታ አይነካም፤ እሱንስ ሎሚው አስተምሮኛል።)
«በውሃ?» አልኩ በሆዴ። ዘጠነኛው ቀን ሩቅ ነበር።

አራዳ፣ ከገበያው ጥግ፣ ልብስ ሰፊው አዛናው ቀደደልኝ ከነጭ ጥጥ፣
ግማሽ ጨረቃ የሚመስል፣ በውስጥ በኩል በቁልፍ የሚያዝ፣ ሲርስ የሚለወጥ።
ስድስት ጥንድ ሰፋልኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀ፤
የራሱን ኮት ገለጥ አድርጎ ውስጡን አሳየኝና፣ ተንከትክቶ ሳቀ።

ቢጫውን እድፍ በአቼቶ ዘፈዘፍኩት፤ ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ ቀረ፤
ላብ አደር ይሉ የለ? ላቤ እዚያው ሸሚዙ ላይ አደረ።

ዛሬ ጠዋት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከሳሙና በር፣
ባጃጁን በእጄ ጠራሁት፣ ክንዴን እስከ ላይ አንሥቼ።
አልቆመም፤ ሙሉ ነበር።